የተጫረ የሞተር ሳይክል ብረት፦ የሚወለወለው፣ የሚቀባውና የማይነካው

ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ፒስታ መንገድ ላይ የሚሠራ ሞተር ሳይክል ዓመት ሳይሞላው ይጫራል። ከፊት ጎማ የሚፈናጠር ጠጠር የሞተሩን ኮፐርኪዮ፣ ማለትም የጎን ክዳኑን፣ ይመታዋል። ከኋላ የታሰረ ጄሪካን መጫኛውን ይፍቀዋል። ጣርማበር ላይ ጉም ሲወርድ ደግሞ አንድ ቀን መንሸራተት አይቀርም። ያን ጊዜ የመሪው ጫፍ፣ የእግር መርገጫው፣ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) እና የታንከሩ ጎን ባንድ ላይ ይላጣሉ።

ብዙ ሰው ወዲያው አንድ ጣሳ ጥቁር ስፕሬይ ይገዛና ሁሉንም ይቀባል። እኔም መጀመሪያ ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። ማርሚታው ላይ የቀባሁት በሁለት ቀን ተቃጠለ። ኮፐርኪዮው ላይ ያለው በወሩ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሣ። የዕቃ መጫኛው ላይ ያለው ብቻ ቆየ። ቀለሙ አንድ ነው። ብረቶቹ ግን ሦስት ዓይነት ነበሩ፤ እኔ ደግሞ እንደ አንድ ነው ያየኋቸው። ከዚያ ወዲህ ቀለም ከመግዛቴ በፊት ክፍሉ ከምን እንደተሠራ ሳላውቅ አልጀምርም።

እዚህ የምጽፈው ኮምፕሬሰር የሌለው ሰው በቤቱ ግቢ ሊሠራው የሚችለውን ነው። ወጪው ብዙ አይደለም፤ ጊዜ ግን ይፈልጋል። አንድ ታንከር በደንብ ለመቀባት ከሳምንት በታች ወስዶብኝ አያውቅም። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ቀለም የሚረጭበት ጊዜ ተደምሮ አንድ ሰዓት አይሞላም። ሌላው ማጠብ፣ መፈግፈግና መጠበቅ ነው።

ማግኔት፣ ጥፍርና ጠመኔ

ከተበላሸ ድምፅ ማጉያ የወጣ ትንሽ ማግኔት ይበቃል። የተጫረው ክፍል ላይ አስጠጉት። ከያዘ ብረት ነው፤ ይዝጋል፤ ስለዚህ መሸፈን አለበት። ሻንሲው (የሞተሩ አጽም)፣ የዕቃ መጫኛው፣ በአብዛኞቹ ሞተሮች ላይ ታንከሩም እንዲህ ነው። ማግኔት ካልያዘው ብዙውን ጊዜ አሉሚኒየም ነው። የሞተሩ የጎን ኮፐርኪዮዎች፣ የፍሬንና የፍሪሲዮን መያዣዎች፣ አንዳንዱ ቸርኬም ከዚህ ወገን ናቸው። አሉሚኒየም ቀይ ዝገት አያወጣም። ሲጎዳ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ነው የሚያበቅለው። ፊት የሚያሳይ መስታወት የሚመስለው መሪ ወይም ማርሚታ ደግሞ ክሮም የተነከረ ብረት ነው። ማግኔት ይይዘዋል፤ አያያዙ ግን ለብቻው ነው።

ቀጥሎ ጥፍራችሁን በጭረቱ ላይ አሻግሩ። ጥፍሩ ሳይደናቀፍ ካለፈ ጭረቱ ከላይ ነው፤ በፖሊሽ ብቻ ይወጣል። ከያዘው ብርጭቆ ወረቀት ወይም ስቱኮ (ጎድጓዳ የሚሞላበት ሊጥ) ያስፈልገዋል።

ጭረት የሚመስል ስንጥቅም አለ። ይህን መለየት የሕይወት ጉዳይ ነው። ቦታውን አጽዱና ናፍጣ ቀቡት። ጥቂት ቆይታችሁ በደረቅ ጨርቅ ጥርግ አድርጉት። ከዚያ ጠመኔ አድቅቃችሁ ነስንሱበት። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የገባው ናፍጣ ተመልሶ ይወጣና ጠመኔው ላይ መስመር ይሠራል። የፍሬን መያዣ፣ ቸርኬ፣ መሪ ወይም የፊት አሞርዛተር ከተሰነጠቀ የሚወለወልም የሚቀባም ነገር የለም። ይቀየራል። ያማረ ቀለም ስንጥቁን ከመደበቅ በቀር ምንም አያደርግለትም።

እጥበት

መጀመሪያ በሳሙናና በውሃ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይዛችሁ ከየጥጋጥጉ ጭቃውን አውጡ። ጭቃው ውስጥ አሸዋ አለ። ሳይታጠብ የተወለወለ ብረት ከበፊቱ ብሶ ይጫራል። ሲደርቅ ቅባቱን በቲነር ጥረጉ። ቤንዚን አይሆንም፤ ከእሳት አደጋው ሌላ ቅባት ትቶ ይሄዳል። ሁለት ጨርቅ ያዙ፤ አንዱ ቲነር የነካ፣ ሌላው ደረቅ። በአንዱ እያራሳችሁ ሳይደርቅ በሌላው አንሡት። ባንድ ጨርቅ ብቻ ከሆነ ቅባቱን ከቦታ ቦታ ማዛወር ነው።

አሉሚኒየምን መወልወል

እኔ ከሁሉም የምወደው ይህን ክፍል ነው። የደበዘዘ ኮፐርኪዮ በአንድ ከሰዓት እንደ ብር ሊሆን ይችላል።

ጥያቄው ኮፐርኪዮው ላይ የፋብሪካ ክሊር አለ ወይ ነው። ክሊር የምንለው ቀለም አልባውን አንጸባራቂ ሽፋን ነው። ጥቂት ብራሶ (የብረት ፖሊሽ) በነጭ ጨርቅ ነክታችሁ ማሸት ጀምሩ። ጨርቁ ወዲያው ከጠቆረ አሉሚኒየሙ ባዶ ነው፤ ጥቁሩ ራሱ ከብረቱ የተነሣው ነው። ጨርቁ ሳይጠቁር ከቀረ የምታሹት ክሊሩን ነው። ቀኑን ሙሉ ብታሹ ለውጥ አታዩም። እንዲያ ከሆነ ክሊሩን በቀለም ማስለቀቂያ ወይም በቁጥር 320 ብርጭቆ ወረቀት አንሡት።

ቀለም ይልጣል ብለው ኮስቲክ ሶዳ የሚያፈሱበት ሰዎች አይቻለሁ። ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየምን ይበላዋል። ፊቱን ያጠቁረዋል፣ ያጎደጉደዋል። በረኪናም ለአሉሚኒየም ደግ አይደለም። ሁለቱንም አርቁ።

ጥልቅ ጭረት ካለ በቁጥር 320 ጀምሩ። ቀላል ከሆነ በ600 መነሣት ይቻላል። ወረቀቱ በውሃ የሚሠራበት ዓይነት ይሁን። ጥቂት ሳሙና የገባበት ውሃ ውስጥ እየነከራችሁ ሥሩ። ከ320 ወደ 400፣ ከዚያ 600፣ 800፣ 1000፣ 1500፣ በመጨረሻ 2000። ምስጢሩ ያለው አቅጣጫው ላይ ነው። በ320 ከግራ ወደ ቀኝ ከፈገፈጋችሁ በ400 ከላይ ወደ ታች ፈግፍጉ። የ320ው መስመር ፈጽሞ እስኪጠፋ ድረስ ከ400 አትለፉ። በእያንዳንዱ ቁጥር እንዲህ እየተፈራረቃችሁ ሂዱ። አንድ ቁጥር የዘለለ ሰው ጉዱን የሚያየው መጨረሻ ላይ፣ ኮፐርኪዮው ሲያበራ ነው። የቆዩት መስመሮች ከብርሃኑ ሥር ቁልጭ ብለው ይወጣሉ። ያኔ ወደ ኋላ መመለስ ግድ ነው።

ጠልቆ የገባ ቁስል ሁሉ መጥፋት የለበትም። ኮፐርኪዮው ስስ ነው። ቁስሉን ለማጥፋት ዙሪያውን ብዙ ከበላችሁት ጎድጓዳ ይሆናል፤ ሲያበራ ደግሞ ጎድጓዳው ከጭረቱ ይበልጥ ይታያል። ጠርዙን ብቻ አለስልሳችሁ ትንሽ ምልክት ብትተዉ ይሻላል።

ኮፐርኪዮውን መፍታት አለብን ወይ? ምትክ ጓርኒሲዮን (ዘይት እንዳያፈስ በመሃል የሚገባው) በእጃችሁ ከሌለ አትፍቱ። አሮጌው ጓርኒሲዮን ሲነሣ ይቀደዳል፤ ከዚያ ዘይት ማንጠባጠብ ይጀምራል። እዚያው ላይ እንዳለ ሥሩና ዙሪያውን በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑ። ካቴናውንና የዘይት መክደኛውን በደንብ ጠቅልሉ። የብርጭቆ ወረቀት ብናኝ ሞተር ውስጥ ከገባ የሚያደርሰው ጉዳት ከማንኛውም ጭረት ይከፋል።

ከ2000 በኋላ ፖሊሽ ነው። ብራሶም ሌላ የብረት ፖሊሽም ይሠራል። ለዚህ ከጥጥ ጨርቅ ይልቅ ሱፍ ይበልጣል፤ ፖሊሹን ይዞ ይቆያል። እኛ አገር ሱፍ አይቸግርም። የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ወይም የመንዝ ባና ሲያረጅ ከሚጣለው ጫፍ መዳፍ የምታህል ቁራጭ ትበቃለች። አሸዋ እንዳይኖርባት በደንብ አጥባችሁ አድርቋት። በትንሽ በትንሹ እያዞራችሁ እሹ። ጥቁሩ ሲበዛ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉና ድገሙ።

ትራፓኖ ያለው ሰው የጨርቅ ጎማ ገጥሞ ድካሙን ይቀንሳል። ጎማው ጠርዝን በፊት ለፊት እንዳይመታ፣ ከጠርዙ ወደ ውጭ እየለቀቀ እንዲዞር አድርጋችሁ ያዙ። አለበለዚያ ክፍሉን ይነጥቅና ይወረውረዋል። መነጽር አድርጉ። በብርዱ ምክንያት ጋቢ ወይም ፎጣ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ የሚሠራ አለ፤ የሚሽከረከር ነገር አጠገብ ይህ አይደረግም። ጓንትም እንዲሁ።

የተወለወለ አሉሚኒየም ባዶውን ከተተወ በክረምት ቶሎ ይደበዝዛል። የመኪና ሰም ቀቡት፤ በየሁለት ወሩ ገደማ ድገሙለት። ክሊር መርጨትም ይቻላል፤ እኔ ግን አልመክረውም። መስታወት የሆነ ፊት ላይ ክሊር የሚይዘው ጥርስ የለውም፤ አንድ ጠጠር ሲመታው ከዚያ ጀምሮ ይላጣል።

ክሮም

ክሮሙ ራሱ ከፀጉር እጅግ የቀጠነ ሽፋን ነው። ከሥሩ ኒኬል አለ፤ ከኒኬሉ ሥር ብረቱ። ብርጭቆ ወረቀት ከነካው አለቀ፤ መመለሻ የለውም።

ነጠብጣብ ዝገት ብቻ ከሆነ የወጥ ቤት አሉሚኒየም ፎይል ቁረጡ። ጨብጡትና አቼቶ ውስጥ ነክራችሁ ቀስ ብላችሁ እሹበት። አሉሚኒየም ከክሮም ስለሚለሰልስ ክሮሙን አይጭረውም፤ ዝገቱን ግን ያነሣዋል። ቡናማ አረፋ ሲወጣ በውሃ አጥባችሁ አድርቁ፣ ሰም ቀቡ። ክሮሙ ከተነሣና ብረቱ ከታየ ግን ፎይልም ፖሊሽም ወደ ቦታው አይመልሰውም። ምርጫው ሁለት ነው። ወይ እንደገና ማስነከር፣ ወይ የቀረውን ክሮም በቁጥር 320 አደብዝዞ በኢፖክሲ ፕራይመር (ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባ ሥር ቀለም) መቀባት። ኢፖክሲ ያልኩት ሌላው ፕራይመር ክሮም ላይ በቀላሉ ስለማይጣበቅ ነው።

የፊት አሞርዛተሩ ዘንግ ለየት ይላል። እሱ ላይ ያለው ክሮም ለውበት የተነከረ አይደለም። ዘይት የሚይዘው ጎማ በላዩ ሲንሸራተት ይውላል። ጠጠር መትቶት ስለታም ጫፍ ካወጣ ያንን ጫፍ ብቻ በቁጥር 1500 ወረቀትና በጥቂት ዘይት አለስልሱት። ዙሪያውን አትንኩ፣ ቀለምም አትቀቡ። ቁስሉ ጎማው በሚመላለስበት ቦታ ላይ ከሆነና ዘይት የሚያፈስ ከሆነ ዘንጉ ይቀየራል።

ብረትን መቀባት

ታንከሩ ከሆነ በመጀመሪያ ቤንዚኑን ቅዱና አውርዱት፤ አየር ላይ ሥሩ። ባዶ ታንከር ከሙሉው ይበልጥ አደገኛ ነው፤ ውስጡ ያለው ትነት ነው የሚፈነዳው። ብየዳም የግራይንደር ብልጭታም አጠገቡ አይድረስ።

የላላውን ቀለምና ዝገት በሽቦ ብሩሽና በቁጥር 120 አንሡ። የቀረው ቀለም አጥብቆ የያዘ ከሆነ እስከ ብረቱ መላጥ አያስፈልግም። ጠርዙን ግን በ240 ከዚያም በ320 እያሳሳችሁ ተዳፋት አድርጉት። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በጣት ሞክሩት። ጣት ደረጃ ከተሰማው ከቀለሙ በኋላ ዓይንም ያየዋል።

ትንንሽ ብሎኖችና ዳዶዎች ከዛጉ አቼቶ ውስጥ አሳድሯቸው። ጠዋት በብሩሽ ፈግፍጉ፣ አሲዱ እንዲሞት ቢካርቦኔት በገባበት ውሃ አለቅልቁ፣ አድርቃችሁ ዘይት አስነኩ። የፍሬንና የጎማ ዘንግ ብሎኖችን ግን አሲድ ውስጥ አትንከሩ። አሲድ ጠንካራ ብረትን ተሰባሪ ሊያደርገው ይችላል።

ጥልቅ ጭረትና ትንሽ ጎድጓዳ በስቱኮ ይሞላል። የእንቁላል ያህል ስቱኮ ላይ የአተር ያህል ማጠንከሪያ ይበቃል። ደብረ ብርሃን ላይ ስለሚበርድ አልደርቅ ሲል ማጠንከሪያ የሚጨምር አለ። እንዲያ አይደረግም። የበዛው ማጠንከሪያ ኋላ ቀለሙን ሰርስሮ ይወጣና ቦታውን ያበላሸዋል። ታግሶ መጠበቅ ወይም ፀሐይ ላይ ማቆየት ነው። ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ አታወፍሩት። ስቱኮ ውሃ ስለሚጠጣ የሚፈገፈገው ደረቁን ነው፤ በውሃ ከሠራችሁት እርጥበቱ ታፍኖ ይቀርና ከሥር ያዝጋል።

ብረቱ ባዶውን ከታየ በኋላ አታሳድሩት። በዚያው ቀን ፕራይመር ይቀባ። በክረምት በአንድ ሌሊት ቢጫ ዝገት ያበቅላል። በባዶ እጅም አትንኩት፤ የጣት ላብ ከቀለሙ ሥር አሻራውን ትቶ ይዝጋል። ፕራይመሩ ሁለት ስስ ዙር ይሁን። ሲደርቅ በቁጥር 600 በውሃ አለስልሱ። ብረቱ የሆነ ቦታ ከታየ እዚያ ላይ ድገሙ። አሉሚኒየም ለመቀባት ከፈለጋችሁ ግን ተራው ፀረ ዝገት አይይዝም። ኢፖክሲ ወይም አሉሚኒየምን የሚነክስ ፕራይመር ጠይቁ። የኔ ኮፐርኪዮ እንደ ሽንኩርት የተላጠው በዚህ ምክንያት ነበር።

ከዚያ ዋናው ቀለም። ጣሳውን ሁለት ደቂቃ ናጡት። ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ራቁ። መርጨት የምትጀምሩት ከክፍሉ ውጭ፣ የምታቆሙትም ከክፍሉ አልፋችሁ ነው። የመጀመሪያው ዙር ጉም የመሰለ ብቻ ይሁን፤ ከሥር ያለው ቢታይ አትጨነቁ። 10 ደቂቃ ያህል እየጠበቃችሁ ሁለት ወይም ሦስት ዙር ጨምሩ። በአንድ ጊዜ ልጨርስ ያለ ሰው ቀለሙ እንባ ሆኖ ይወርድበታል።

ሰዓቱን ምረጡ

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,300 ሜትር ግድም። በመካከላቸው 100 ኪሎ ሜትር እንኳ የለም፤ የቀለም አሠራሩ ግን ፈጽሞ ሌላ ነው።

አንድ ኅዳር ላይ ታንከሬን ከቀኑ 11 ሰዓት ክሊር ረጨሁት። ሲረጭ ያምር ነበር። ጠዋት ስነሣ እንደ ወተት ነጭ ሆኖ አገኘሁት። ቲነሩ ሲተን የብረቱን ፊት ያቀዘቅዘዋል። አየሩም ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ እላዩ ላይ ጤዛ ይሆንና ያልደረቀው ክሊር ውስጥ ይታፈናል። ሙሉውን ፈግፍጌ እንደገና ሠራሁት።

ስለዚህ በደጋው ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ሥሩ። ሙቀቱ ከ15 ዲግሪ በላይ፣ ነፋሱ ጸጥ ያለ ይሁን። ክፍሉን ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ አስቀምጡት። የቀለሙን ጣሳ እጅ በሚችለው ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቆዩት፤ እሳት አጠገብ ግን በፍጹም። ቤቱን ላሙቅ ብሎ የከሰል ምድጃ ማስገባት ከሁሉ የከፋ ነው። የቲነር ትነት እሳት ሲያገኝ አይምርም፤ ታፍኖ የሚነድ ከሰል ደግሞ ራሱ ይገድላል። ከ8 ሰዓት በኋላ ክፍሉን ቤት አስገቡ፤ ሌሊቱን ውጭ አይደር።

ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ያላችሁ ችግራችሁ የዚህ ተቃራኒ ነው። ቀለሙ ብረቱ ላይ ሳይደርስ አየር ላይ ይደርቃል፤ ፊቱ ሲዳሰስ አሸዋ ይመስላል። ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት፣ ጥላ ሥር፣ ትንሽ ቀረብ ብላችሁ እርጩ። ብረቱን በእጅ ነክታችሁ ካቃጠላችሁ ጊዜው አይደለም።

ክሊርና ሳንባ

በጣሳ የሚሸጠው ተራ ክሊር ቤንዚን ሲነካው ይሟሟል። ለመጫኛ ወይም ለሻንሲ ምንም አይደለም። ለታንከር ግን ማጠንከሪያ የሚቀላቀልበት ባለ ሁለት ክፍል ክሊር ያስፈልጋል። የዚህ ማጠንከሪያ አይሶሳያኔት የሚባል ነገር አለበት፤ ሳንባን ይጎዳል፣ አስም ያመጣል። የጨርቅም የሐኪም ማስክም አያስጥልም። ባለ ካርትሪጅ ማስክ ከሌላችሁ ይህን ዙር ብቻ ለባለሙያ ስጡ። እኔ እስከ ፕራይመሩ ቤት እሠራና ጋራዥ እወስደዋለሁ። አስቸጋሪው ድካም አልቆ ስለሚሄድ ዋጋውም ይቀንሳል።

ማርሚታ

ተራ ቀለም ማርሚታ ላይ አይኖርም። እስከ 600 ዲግሪ የሚችል የሙቀት ቀለም ይገዛል። ከሥሩ ስቱኮም ተራ ፕራይመርም አይግባ፤ ሁለቱም ይቃጠሉና ቀለሙን ይዘውት ይወድቃሉ። ዝገቱን እስከ ብረቱ አንሡ፣ በቲነር ጥረጉ፣ ሁለት ስስ ዙር እርጩ። ይህ ቀለም በአየር ብቻ ጠንክሮ አያልቅም፤ እሳት ያበስለዋል። ሞተሩን አስነሥታችሁ 10 ደቂቃ ያህል ጋዝ ሳትሰጡት አቆዩት፣ አጥፉት፣ ፈጽሞ ይቀዝቅዝ። ቀጥሎ 20 ደቂቃ፣ እንደገና ይቀዝቅዝ። ከዚያ አጭር መንገድ ንዱት። ውጭ ይሁን፤ መጀመሪያ ላይ ይጨሳል።

ፓውደር ኮቲንግ

ለሻንሲና ለዕቃ መጫኛ ከዚህ የሚበልጥ ሽፋን አላውቅም። ዱቄቱ በኤሌክትሪክ ኃይል ብረቱ ላይ ተጣብቆ ከ180 እስከ 200 ዲግሪ ባለው ምድጃ ይበስላል። ቤት የሚሠራ አይደለም፤ አዲስ አበባ መላክ ይጠይቃል፤ ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሻንሲውን ለሌላ ሥራ ስታራግፉት ካልሆነ ለአንድ ጭረት ብቻ አያዋጣም። ከመላካችሁ በፊት ጎማ፣ ፕላስቲክና ኩሺኔታ ሁሉ ይውጣ። የብሎን ቀዳዳዎች እንዲደፈኑ በግልጽ ንገሯቸው፤ ሽፋኑ ወፍራም ስለሆነ ብሎን አላስገባ ይላል። ተራ ስቱኮ ያለበት ክፍል ምድጃውን አይችልም።

መልሶ መግጠም

የደረቀ ቀለም ሁሉ የጠነከረ አይደለም። ታንከሩን በማግስቱ ብትነኩት አይጣበቅም፤ በደጋው ግን ሳምንት ሳይሞላው ብትገጥሙት ማሰሪያው አሻራውን ያትምበታል። ታንከሩ ሻንሲው ላይ በሚያርፍበት ቦታ የካላማዳሪ ጎማ ቁራጭ አድርጉ። ብሎን ስታጠብቁ ከሥሩ ሮንዴላ አስገቡ፤ ቁልፉ አዲሱን ቀለም እንዳይልጠው ዙሪያውን በፕላስተር ሸፍኑ። የፍሬን ዘይት ከፈሰሰበት ቀለሙን በደቂቃዎች ያፈላዋል፤ ወዲያው በብዙ ውሃ አጥቡት። የፍሬን ዲስኩ ላይ ፖሊሽም ሰምም ቀለምም አይድረስ፤ በስህተት ከነካው ሞተሩን ከመንዳታችሁ በፊት በንጹሕ ጨርቅና በቲነር ጥረጉት።

ከቀለሙ የተረፈውን ጥቂት በትንሽ ጠርሙስ አስቀምጡ። በሚቀጥለው ጊዜ ጠጠር አንድ ነጥብ ሲያነሣ፣ ዝገት ሳይጀምረው በቀጭን ብሩሽ ጫፍ እዚያች ነጥብ ላይ ብቻ ጠብ አድርጉበት።